የጊታሩ አንገት

የዛሬው ጉዳያችን የጊታር አንገት ነው።

ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዝነኛውን ስትራቶካስተር ጊታር ያወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ነው። ዋጋው ግን ለጀማሪ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ያው ኩባንያ ከ1982 ጀምሮ ስኩዌር በሚል ስም ርካሽ አምሳያውን ይሸጣል። ታዲያ ያገለገለ ስኩዌር ሲገኝ ይገዛል ወይስ ይታለፋል?

መካነ ሰላም ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው በኮርቻዋ ማማር ብር አይቆጥርም። አስኪዶ እግሯን ያያል። ኮርቻ ይለወጣላ! እግር ግን ከየት ይመጣል?

የጊታርም እግሩ አንገቱ ነው።

እናም ገዢው ጊታሩን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ እንደ አነጣጣሪ፣ አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያያል። ትንሽ ከጎበጠ አያስደነግጥም። ውስጡ ያለው የብረት ዘንግ ሲጠብቅ ወይም ሲላላ ይቃናል። እንደ ገመድ የተጠማዘዘ አንገት ከሆነ ግን መተው ነው፤ ማስቀየሪያው ሌላ ጊታር ሊገዛ ይችላል።

ቀጥሎ በወሎው አምባሰል ቅኝት ዝግ ብሎ ይሞክረው። አንገቱ ላይ በተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ማለትም በፍሬቶቹ ላይ የሚንጫረር ድምፅ ካለ ወዲያው ይሰማል። የዛገ ክርና የሚንኮሻኮሽ የድምፅ መቆጣጠሪያ ደግሞ በቀላሉ ስለሚለወጡ፣ ዋጋ ማስቀነሻ ይሆኑታል።