የሕፃኑ ጥያቄና የኒቅያ መልስ
በደብራችን የ50 ዓመት ኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር



ደብራችን የተመሠረተበትን 50ኛ ዓመት በምናከብርበት በዚህ ቀን ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ታዘዝሁ፥ አስቀድሜ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ። ባለፈው ዐቢይ ጾም ከቅዳሴ በኋላ ከደጀ ሰላሙ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሕፃን ወደ እኔ ቀርቦ «የኔታ፥ ልጅ ከአባቱ በኋላ የሚመጣ አይደለምን? እንግዲያ ወልድ ከአብ በኋላ ነውን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ይህ ምሥጢር ነው፤ አትመራመር» ብዬ ሰደድሁት። ወደ ቤቴ በተመለስሁ ጊዜ ግን ኅሊናዬ ወቀሰኝ። ይህ ጥያቄ በጥንት ዘመን ዓለምን ያናወጠ ጥያቄ ነውና፤ አባቶቻችንም ሳይመልሱ አላለፉትምና።

በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእስክንድርያ ከተማ አርዮስ የሚባል ቄስ ነበረ። ይህ ሰው ከውጭ የመጣ አረማዊ አልነበረም፤ በኑሮው ጭምት፥ በአንደበቱ ርቱዕ፥ መጻሕፍትንም የተማረ ነበረ። ነገር ግን የመጽሐፈ ምሳሌን 8ኛ ምዕራፍ ቍጥር 22ን ይዞ፥ ወልድ ፍጡር ነው፥ ከመወለዱም አስቀድሞ አልነበረም ብሎ አስተማረ። ትምህርቱም በጉባኤ ብቻ የቀረ አይደለም፤ ለመርከበኞች፥ ለወፍጮ ሠራተኞችና ለመንገደኞች በሚስማማ ዜማ አድርጎ ስላሰራጨው፥ ነገሩ ከመቅደስ ወጥቶ ወደ ገበያና ወደ ወደብ ደረሰ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት እለእስክንድሮስም መክሮ ባይመለስለት አወገዘው።

ንጉሠ ነገሥቱ ቈስጠንጢኖስ በመጀመሪያ ነገሩን እንደ ቀላል ክርክር ቈጥሮት ነበር። ጠቡ እየበረታ በሄደ ጊዜ ግን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ325 ዓመት ኤጲስ ቆጶሳትን ወደ ኒቅያ ጠራ። ቤተ ክርስቲያናችን ሠለስቱ ምእት እያለች ኅዳር 9 ቀን የምታስባቸው፥ ቍጥራቸው 318 ነው ብለን የተቀበልናቸው አባቶች እነዚህ ናቸው። ከእለእስክንድሮስ ጋራ የመጣው ወጣቱ ዲያቆን አትናቴዎስም በዚያ ነበረ።

አባቶች የመረጡት ቃል በጽርእ ቋንቋ ሆሞኡስዮስ ይባላል፤ ይኸውም ወልድ ከአብ ጋራ በባሕርዩ አንድ፥ በመለኮቱ ትክክል ነው ማለት ነው። ስለ አንድ ቃል ይህን ያህል መጋደል ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር፥ መልሱ ይህ ነው። በባሕር የሚሰጥም ሰው ሌላውን ሰጣሚ ሊያወጣው አይችልም። ክርስቶስ ፍጡር ቢሆን ኖሮ እርሱም እንደ እኛ አዳኝ የሚሻ በሆነ ነበር። ለእርሱ መስገዳችን ለፍጡር መስገድ፥ ጥምቀታችንም በፍጡር ስም መጠመቅ በሆነ ነበር። አትናቴዎስ ዕድሜውን ሁሉ የደከመው፥ ፍጡርን ከእግዚአብሔር ጋራ አንድ የሚያደርግ እግዚአብሔር ብቻ ነው ብሎ ይህን ለማስረዳት ነው።

ይሁን እንጂ ጉባኤው በተፈጸመ ጊዜ ነገሩ አልተፈጸመም። አርዮስና ሁለት የሊብያ ኤጲስ ቆጶሳት ቢጋዙም፥ የኒቆምድያው አውሳብዮስና ወገኖቹ በቤተ መንግሥት ተደማጭነት አገኙ። አትናቴዎስ በ328 ዓመት በእስክንድርያ መንበር ከተቀመጠ ጀምሮ በ373 ዓመት እስኪያርፍ ድረስ አምስት ጊዜ ተሰደደ፤ ከ45ቱ የሹመት ዘመኑ 17 ዓመት የሚያህለው በስደት አለፈ። በ356 ዓመት በየካቲት ወር ሌሊት ሕዝቡ በጸሎት ሳለ ወታደሮች ቤተ ክርስቲያኑን ከበቡት፤ እርሱም አምልጦ በምድረ በዳ በመነኮሳት ዘንድ ተሸሸገ።

በዚያ ወራት የአርዮስ ነገር እስከ አገራችን ደረሰ። አክሱምን በወንጌል ያበራውን ፍሬምናጦስን፥ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፥ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ የሾመው አትናቴዎስ ነበረ። ስለዚህ የቈስጠንጢኖስ ልጅ ቈስጠንጢዮስ ለነገሥታቱ ለዒዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፥ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ እንዲሰዱትና በዚያ በአትናቴዎስ ፈንታ በተሾመው በጊዮርጊስ ቀጰዶቅያዊ ፊት እንዲመረመር ጠየቀ። ይህ ጊዮርጊስ ሰማዕቱ አይደለም፤ የአርዮስ ወገን ነው። ደብዳቤውንም አትናቴዎስ ራሱ ለንጉሡ በጻፈው የመከላከያ ቃል ውስጥ አኑሮልናል። ዛሬ አባ ሰላማን ሐምሌ 26 ቀን እናከብራለን፤ በሠለስቱ ምእትና በአትናቴዎስ ስም የተሰየሙትን ቅዳሴያትም እንቀድሳለን። የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ አለፈ፤ የኒቅያ ሃይማኖት ግን በመቅደሳችን ቀረ።

በ381 ዓመት በቍስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች የኒቅያን ሃይማኖት አጸኑ፤ ስለ መንፈስ ቅዱስም የሚገባውን ምስክርነት ጨመሩ። ከኒቅያ እስከዚያ 56 ዓመት ነው፤ የደብራችንን ዕድሜ በጥቂት ይበልጣል። አትናቴዎስ ፍጻሜውን በዓይኑ ሳያይ ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያን መናፍቅን ማውገዝ ብቻ አልሠራችም፤ አንድን ጥያቄ እስክትመልስ ድረስ ትውልድን የሚያህል ዘመን ታገሠች፥ አስተማረች፥ ጻፈች፥ ተሰደደች።

እኔ ግን ለአንድ ሕፃን ጥቂት ደቂቃ ነፈግሁት። በሚቀጥለው እሑድ ፈልጌ አገኘሁትና ወደ ፀሐይ አውጥቼ «ፀሐይ ያለ ብርሃን የኖረችበት ቀን አለን?» አልሁት። «የለም» አለኝ። «ብርሃኗ ከማን ይወጣል?» «ከእርሷ»። «እንግዲያ ከእርሷ ይወጣል እንጂ ከእርሷ አይዘገይም፤ የወልድም ከአብ መወለድ ከዘመን በፊት ነው» አልሁት። ምሳሌው ምሥጢሩን ሁሉ እንደማይፈጽመው ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን ሕፃኑ እንደ ተባረረ ሳይሆን እንደ ተማረ ሁኖ ሄደ።

አባቶቼና ወንድሞቼ ሆይ፤ አርዮስ በዜማ ያስተማረው፥ የሕዝቡን ጆሮ ሳይጠግብ ስላገኘው ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ጣራ ቢያፈስ ሁላችን እንሯሯጣለን፤ ጥያቄ ይዞ መጥቶ ባዶውን የሚመለስ ልጅ ግን ከጣራው ይልቅ ያሳስበን። ካህናት ከቅዳሴ በኋላ ለሚጠይቅ ጊዜ ይስጡ፤ ወላጆችም በየቀኑ የምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት ትርጓሜው ምን እንደ ሆነ በቤታቸው ያስተምሩ። የሚቀጥለውን 50 ዓመት የሚያከብሩት ዛሬ የሚጠይቁን ሕፃናት ናቸውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።