የሠርጋችን ሲዲ በአዲሱ ኮምፒውተርም ይነበባል
(የማኅበሩ ጸሐፊ በደባርቅ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር)



ስለ መዋጮውና ስለ ድንኳኑ ሊቀ መንበራችን ስለተናገሩ እኔ ወደዚያ አልመለስም። የምናገረው ስለ ሲዲ ነው። «ሲዲ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ።

ባለፈው ሐዘን ቤት ተቀምጠን ሳለ አንዲት እናታችን ከሣጥን ሲዲ አውጥተው «የልጄ ሠርግ እዚህ ውስጥ ነው፤ ፊቱን አሳዩኝ» አሉ። ዴኩ ከተበላሸ ቆይቷል። የልጅ ልጃቸው ላፕቶፕ ደግሞ ሲዲ የሚጎርስበት አፍ የለውም። እናታችን ሲዲውን መልሰው በነጠላቸው ጠቀለሉት። ይኼ ነገር ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣም።

እንደሚታወቀው ሲዲ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን ዲቪዲ በ1996 ተከተለው። ሁለቱም የሚነበቡት በጨረር ነው። ሲዲ 700 ሜጋባይት ያህል፣ ተራው ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2008 አፕል ማንበቢያ የሌለውን ስሱን ማክቡክ ኤር አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ፋብሪካዎች ማንበቢያውን እየተዉት መጡ። እንግዲህ ሲዲው አልሞተም፤ ማሽኑ ነው አፉን የዘጋው።

መፍትሔውም ከውጭ ሆኖ በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ነው። አንዱ ዕቃ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ሆኖም ልብ የሚባሉ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የዲቪዲ ማንበቢያ ሲዲንም ያነባል፤ ሲዲ ብቻ የሚያነበው የድሮው ግን ዲቪዲ አያነብም። ሲገዛ ይኸው ይታይ። ላፕቶፑ ትንሹ የዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻ ካለው መለወጫ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፣ ማንበቢያው ቀጭ ቀጭ እያለ አልነሣ ካለ ብዙ ጊዜ ኃይል አንሶት ነው። በዴስክቶፕ ላይ ከኋላ ባለው ቀዳዳ ስኩት፤ ሁለት ራስ ያለው ገመድ ካለው ሁለቱም ይሰካ።

ሦስተኛ፣ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ያለው ዊንዶውስ የዲቪዲ ፊልም በራሱ አያጫውትም። ቪኤልሲ የሚባለው ነፃ ማጫወቻ ይጫንበት፤ የድሮውን የሠርግ ቪሲዲም ይከፍታል። ኮፒ ስታደርጉ አንዱን ፋይል መርጣችሁ ሳይሆን ፎልደሩን በሙሉ ውሰዱ።

አራተኛውን እኔው ተታልዬበታለሁ። የዘፈን ሲዲ በዊንዶውስ ከፍቼ ኮፒ አደረግሁና ደስ ብሎኝ ሲዲውን ለባለቤቱ መለስሁ። ለካስ የወሰድሁት ዘፈኑን ሳይሆን 44 ባይት ብቻ ያላትን የመንገድ ጠቋሚ ኖሯል! የዘፈን ሲዲ በማጫወቻው ፕሮግራም በኩል ተቀድቶ ነው የሚወጣ። ማክ ላይ ግን እንደ ተራ ፋይል ይገለበጣል። ስለዚህ ሲዲው ከመመለሱ በፊት፣ ማንበቢያው ተነቅሎ፣ ቅጂው ይሰማ።

አምስተኛ፣ በአንዱ ማሽን የተቀዳ ዲቪዲ በሌላው አልከፈት ቢል ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት። ቀረጻው ሳይዘጋ ቀርቶ ይሆናል፤ የቀረጸው ማሽን ካለ እዚያው ይዘጋ።

አያያዙንም በተመለከተ፣ ሲዲ የሚጠረገው በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ እያዞሩ አይደለም። በጽሑፉ በኩል በእስክርቢቶ አትጻፉበት፤ የሲዲ መረጃ ያለው ከዚያው ከጽሑፉ ሥር ነውና። ፀሐይ ላይም አይሰጣ። እንዲህም ተይዞ ዕድሜ አለው፤ ቆይቶ ይበላሻል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይኸ ነው። እያንዳንዱ ቤት ማንበቢያ መግዛት የለበትም። ማኅበራችን አንድ ይግዛ፤ ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጋራ በዕቃ ቤት ይመዝገብ። ኮምፒውተር የሚያውቁ ልጆቻችን በተራ ይቅዱልን። አንዱ ቅጂ በፍላሽ ለባለቤቱ ይሰጥ፤ ባለቤቱ ከፈቀደ ሁለተኛው በማኅበሩ ይቀመጥ። ዳባት ያሉ ዘመዶቻችሁም ሲዲ ካላቸው ላኩልን በሏቸው።

ድንኳን የገዛነው ሐዘንተኛ ፀሐይና ዝናብ እንዳይመታው ብለን ነው። የሟቹን ፊትና ድምፅ ማቆየትም ከዚያ አያንስም። ከተስማማችሁ፣ መጀመሪያ የሚቀዳው የእኒያ እናታችን ሲዲ ይሁን።