እንቅልፍ ሳይተኙ መሮጥ
(ሹመይሲ ውስጥ ለእህቶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እህቶቼ፣ ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? አገር ቤት ላሉት ሪያድ ይበርዳል ስንላቸው አያምኑንም፤ በረሃ አይደል እንዴ ይሉናል። ጥር ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ተነስታ ሐውሹን በቀዝቃዛ ውኃ ያጠበች ግን ታውቀዋለች።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሩጫ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። ይህን ወገብ ይዤ ስለ ሩጫ ሳወራ እኔንም ያስቀኛል።

ነገሩን ያስታወሰኝ የምሠራበት ቤት ትንሹ ልጅ ነው። ባለፈው ሳምንት ሻይ ላደርስለት ስገባ በቴሌቪዥን የብስክሌት ውድድር ያያል። አውሮፓ ነው፤ ክረምት ነው፤ ሜዳው ጭቃ ብቻ ነው፣ ዳር ዳሩ ላይ በረዶ አለ። የሚወዳደሩት ሴቶች ናቸው። አቀበቱ ጋ ሲደርሱ ወረዱና ብስክሌቱን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው በሩጫ መውጣት ጀመሩ! ብስክሌት ሰው መሸከም ሲገባው ሰው ብስክሌት ይሸከም? ትሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ልጁ ሳይክሎክሮስ ይባላል አለኝ። ቤልጂየም ውስጥ እንደ እኛ እግር ኳስ የሚወደድ ነው፤ ከመስከረም እስከ የካቲት፣ በብርዱና በዝናቡ ወራት፣ ከከተማ ከተማ እየተጓዙ ይወዳደራሉ። እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ሌላ ሰው ላይ ነው። በሜዳው ዳር አንድ ሰው ውኃ ይዞ ቆሟል። ተወዳዳሪዋ ጭቃ የበላውን ብስክሌት ትሰጠውና የታጠበውን ይዛ ትሄዳለች፤ እስክትመለስ ያንን ያጥባል። እሱንስ ማን ይሸልመዋል አልኩት ልጁን። ሳቀብኝ።

ብስክሌት የሌለበት እንዲህ ያለ ውድድር እኛም አለን፤ አገር አቋራጭ እንለዋለን። እኔም አንድ ጊዜ ሮጫለሁ።

በ1991 ዓ.ም ነው። የ17 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደብረ ብርሃንን የምታውቁ ውርጩንም ታውቁታላችሁ። ስድስት ልጆች ተመርጠን አዲስ አበባ ጃን ሜዳ ልንወዳደር ነው። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብዙ የሚባል አይደለም። አውቶቡሱ ግን አመለጠንና አሠልጣኛችን ገብስ የጫነ አይሱዙ ለመነልን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከጆንያው በላይ ተሳፈርን። ጫጫን አለፍን፤ ሸኖ ስንደርስ ጎማው ፈነዳ። ረዳቱ መለዋወጫ ፍለጋ ሄዶ ሁለት ሰዓት ቆየ። ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። አንድ ነጠላ ለሦስት ተከናንበን ተቃቅፈን ቁጭ አልን። የነበረችንን ዳቦ ለነገ ጉልበት ትሆናለች ብለን ሳንነካት፣ ኋላ ስናያት እንደ ድንጋይ ደርቃለች።

ጃን ሜዳ የገባነው ስም ሲጠራ ነው። ጫማዬን አደረግሁ፤ ክሩን ማሰር ግን አልቻልኩም። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። ከዳር ቆሎ የምትሸጥ እናት አየችኝና ሥራዋን ትታ መጣች። እጄን በሁለት እጇ ይዛ እፍ እፍ አለችበት፤ ከዚያ ተንበርክካ ጫማዬን አሰረችልኝ። መልኳ ጠፍቶብኛል፤ ትንፋሿ ግን እስከ ዛሬ እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ስንተኛ እንደወጣሁ አልነግራችሁም። ከኋላዬ የነበሩት በጣት ይቆጠራሉ። ያሳዘነኝ ግን እሱ አይደለም። አሠልጣኙ ሲመለስ፣ «ብርድና እንቅልፍ ሰበብ አይሆንም። ደራርቱን አታዪም?» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አልሮጥኩም። ሰነፍ ነኝ ብዬ አመንኩ፤ ብዙ ዓመትም ይህን አምኜ ኖርኩ።

የደራርቱን ነገር ታውቁታላችሁ፣ ግን ልድገመው። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘች፤ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ ናት። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 16 ቀን 1987 ዓ.ም፣ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በሰሜን እንግሊዝ ደርሃም በምትባል ከተማ ተካሄደ። ደራርቱ በጉዞ ላይ ሳለች አቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ 24 ሰዓት ያህል ያለ እንቅልፍ ቆየች። ኤርፖርት ወንበር ላይ ማደር ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ሻንጣሽን እግርሽ መሃል አድርገሽ፣ ስምሽ የሚጠራ እየመሰለሽ፣ በማታውቂው ቋንቋ በተናገሩ ቁጥር እየተነሳሽ። ደርሃም ስትደርስ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ብቻ ቀርቶታል። ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚያህለውን ርቀት በ20 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ጨርሳ አንደኛ ወጣች። ሁለተኛዋ የአየርላንዷ ካትሪና ማኪርናን ናት፤ ምስኪን፣ ከዚያ በፊትም ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጥታለች።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። ችግሩ እኛ የምናወራበት መንገድ ነው። እኔ ራሴ ያደረግሁትን ልናገር።

አምና በዚህ ወር አንዲት የወሎ ልጅ መጣች። መንገድ ላይ ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ቤቱ የገባችው ማታ ነው፤ እንግዳ ነበረና ሻንጣዋን ሳትፈታ ዕቃ አጠበች። በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሺ ተባለች። በአራተኛው ቀን በኢሞ ደወለችልኝና፣ «እትዬ፣ ቆሜ እያለሁ ሕልም አያለሁ» አለችኝ። እኔስ ምን አልኳት? «አይዞሽ፣ ቻይው። ደራርቱ ሳትተኛ ሮጣ አሸንፋ የለ?» አልኳት። የአሠልጣኙን ቃል፣ እኔን ከሩጫ ያስቀረኝን ያንኑ ቃል፣ ለእሷ ሰጠኋት። በስድስተኛው ቀን ሳምቡሳ ስትጠብስ አሸለባትና የፈላ ዘይት እጇ ላይ ተደፋ። እዚሁ ሰፈራችን ትልቁ ሆስፒታል ሄጄ አየኋት። ማዳሟ አጠገቧ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «አለመተኛቷን አላውቅም ነበር፤ ለምን አልነገረችኝም?» አለችኝ። ልጅቷ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲህ የደርሃሙን ሩጫ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ታሪኩን ስናወራ የምንተወው ነገር አለ። ደራርቱ ከዚያ ውድድር በፊት በጉልበት ሕመም የተነሳ እ.ኤ.አ. የ1993ን እና የ1994ን ውድድሮች ተቀምጣ ነው ያሳለፈችው። ጉልበቷን ስታስታምም ቆይታ ነው የመጣችው። ያጣችው የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው፤ የሮጠችው ደግሞ ሃያ ደቂቃ ነው፣ ከዚያ አለቀ። የእኛ ኮንትራት ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ሳይተኛ የሚሮጥ የለም፤ እሷም አልሮጠችም። ደግሞም በሚቀጥለው ዓመት በዚያው የአገር አቋራጭ ሻምፒዮና ጫማዋ ወልቆባት አራተኛ ወጣች፤ አትላንታ ኦሊምፒክም ታማ አራተኛ ሆነች። ታማ ነበር ስንል ማንም ሰበብ አበዛች አላላትም። ሲድኒ ላይ በ1993 ዓ.ም መጀመሪያ ልጅ ወልዳ ተመልሳ ወርቋን ወሰደች።

ስለዚህ አዲስ የመጣች እህት ስትደውልላችሁ ይህን አድርጉ። መጀመሪያ መቼ እንደተኛችና ምን እንደበላች ጠይቋት። እጠፋለሁ ካለች አትቆጧት፣ ሂጂም አትበሏት፤ ሳይተኙ የቆረጡት ነገር ሲነጋ ሌላ መልክ አለውና ከተኛሽ በኋላ እናውራበት በሏት። ቤቱ ውስጥ የሚመታት ወይም የሚነካት ሰው ካለ ግን ይህ የእንቅልፍ ጉዳይ አይደለም፤ የዚያኑ ሰዓት ለታላላቆቹ ንገሩ። ድካም ብቻ ከሆነ ይህን ዓረብኛ አስጠኗት፦ «አና ታዕባና፣ አብጋ አናም ሳዕተይን።» ደክሞኛል፣ ሁለት ሰዓት መተኛት እፈልጋለሁ ማለት ነው። በለሆሳስ፣ ግን ዓይን እያዩ ነው የሚባለው። ሁሉም ማዳም እሺ ትላለች አልላችሁም። የዕለት ዕረፍትና የሳምንት አንድ ቀን በአገሩ የቤት ሠራተኞች ደንብ የተጻፈ መሆኑን ግን እወቁ፤ ልመና አይደለም። ያቺ የወሎ ልጅ ማዳም ብትጠየቅ ኖሮ ትፈቅድ ነበር። ያላስጠየቅኳት እኔ ነኝ።

ስለ ደራርቱ የምነግራቸው ከእንግዲህ ሌላውን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸንፋለች። በሩጫው መሃል እግሯን ያመማትን እንግሊዛዊቷን ፓውላ ራድክሊፍን ዘግየት ብላ አብራት እንድትቀጥል ማበረታታቷ ብዙ ተወርቷል። ፓውላ ከተፎካካሪዎቿ ሁሉ የምትፈራዋ፣ የማራቶን ክብረ ወሰን ባለቤት ነበረች። እሷ አራተኛ ወጣች፤ ደራርቱ አንደኛ። መዘግየቷ አልጎዳትም።

የወሎዋ ልጅ እጇ ድኗል፤ ጠባሳው አለ። ዛሬ ሻዩን የምትቀዳልን እሷ ናት፤ ይህን እንድናገርም ፈቅዳልኛለች።

እንግዲህ ንግግሬ ይኸው ነው። ከበሩ ጎን ያሉት ሁለት ብርድ ልብሶች እህቶች ያዋጡት ነው፤ ዳፋያ የሌላት ትውሰድ። በዚህ ሳምንት የገባችው ልጅ፣ ከአክስቷ ጋር የመጣችው፣ እያዳመጠችኝ እዚያ ጥግ እንቅልፍ ወስዷታል። አትቀስቅሷት። አንዱን ብርድ ልብስ እግሯ ላይ ጣል አድርጉላት፤ ሻይዋም ይቀመጥላት።