የሞተር ሳይክል ካምቢዮ ሲጮህ፦ ከመፍታት በፊት ማዳመጥ

(በሠፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ፣ በመካኒክነት ሙያ የተሠማሩ አንድ ነዋሪ ያደረጉት ንግግር)



በሠፈራችን ሞተር ሳይክል የጌጥ ዕቃ አይደለም። ሰው ይጫንበታል፣ ዕቃ ይመላለስበታል፣ የቤት አስቤዛ ይወጣበታል። አንድ ሳምንት ጋራዥ ከቆመ ቤተሰብ ይጎዳል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከፍሪሲዮንና ከካምቢዮ አካባቢ ድምፅ ሲሰማ ከየት እንደሚመጣ፣ ሞተሩ ሳይፈታ እንዴት ይለያል?

ብዙ ጊዜ የምናየው ምንድን ነው? ሞተሩ ይጮሃል፤ “ካምቢዮው አልቋል” ይባላል፤ ይፈታል፤ ገንዘብ ይወጣል። በመጨረሻ ሲጮህ የነበረው የላላ ካቴና ሆኖ ይገኛል። በሌላ በኩል ደግሞ “ይጩህ እንጂ ይሄዳል” ብሎ የሚነዳ አለ። ይኼኛው ይብሳል። ኩሽኔታ ተሰብሮ ስባሪው በጥርሶቹ መካከል ከገባ የኋላ ጎማው በድንገት ቀጥ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ፍሪሲዮን ቢጨብጡም ላይለቅ ይችላል። ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ የሰው ልጅ ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይኸውላችሁ።

አንደኛ፦ ሞተሩን አጥፍታችሁ በዜሮ ማርሽ ግፉት። ሲገፋ ከጮኸ ጥፋቱን ከካቴናው፣ ካቴናው ከሚዞርባቸው ጥርሳሞች፣ ከፍሬኑ፣ ከጎማው ኩሽኔታ ወይም ካቴናውን ከሚያዞረው የካምቢዮ ዘንግ ፈልጉት። ፍሪሲዮኑ የለበትም።

ሁለተኛ፦ ደጅ አውጥታችሁ አስነሱት፤ ጭሱ በዝግ ቤት ሰው ይገድላል። በዜሮ ማርሽ እንደቆመ የፍሪሲዮኑን እጀታ ጨብጡ፣ ልቀቁ፣ ደጋግሙት። ሲጨበጥ ወደ ካምቢዮ የሚገባው ዘንግ ያርፋል። ስለዚህ ስትጨብጡ ድምፁ ከጠፋ የሚጠረጠረው የዚያ ዘንግ ኩሽኔታ ወይም የፍሪሲዮኑ ቤት ነው። ስትጨብጡ ብቻ ከመጣ ግን ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ነው፤ ወይም ሸራዎቹ በቤታቸው ውስጥ ላልተዋል። ብትጨብጡም ብትለቁም ካልተለወጠ ከሞተሩ ራሱ ወይም ከሞተሩ ወደ ፍሪሲዮኑ ከሚያስተላልፉት ጥርሶች ነው። ነዳጅ ትንሽ ሲሰጡት የሚጠፋ ቀላል መንኳኳት ግን በብዙ ሞተር ላይ ያለ ስለሆነ አያስደነግጣችሁ።

ሦስተኛ፦ እየነዳችሁ አዳምጡ። በአንድ ማርሽ ብቻ ከጮኸ የዚያ ማርሽ ጥርስ ነው። በሁሉም ማርሽ፣ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚጨምር ዋይታ ከሆነ ኩሽኔታ ጠርጥሩ። ዳገት ላይ ማርሹ ራሱ ዘሎ ከወጣ ደግሞ የማርሾቹ መያዣ ተበልቷል ወይም ማርሹን የሚገፋው ሹካ ተጣሟል። ይህ በገመድ ማስተካከል አይድንም፤ እስኪሠራ ድረስ ሰው አትጫኑበት።

አንደኛ ማርሽ ሲገባ አንዴ “ቋ” ማለቱ ያለ ነው። ጥርስ ካፋጨ፣ ወይም ፍሪሲዮኑ ተጨብጦ ሳለ ሞተሩ ወደፊት ከጎተተ ግን ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም ማለት ነው። በመጀመሪያ ገመዱን እዩ። የእጀታው ጫፍ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ በብዙዎቹ ሞተሮች ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ባዶ መሄድ አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ በደንብ አይለቅም። ጨርሶ ከጠበቀ ደግሞ ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጉልበት ግን የለም። ማስተካከያውን ዳዶ ለማዞር ገንዘብ አይጠየቅም!

ስለ ዘይትም ላንሳ። በአብዛኞቹ ባለ አራት ምት ሞተሮች፣ ለምሳሌ በባጃጅ ቦክሰር፣ ሞተሩ፣ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ባሉት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ግን የካምቢዮው ዘይት ለብቻው ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ የተሠራ የመኪና ዘይት የፍሪሲዮኑን ሸራ ሊያንሸራትት ስለሚችል፣ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሞተር ሳይክል የወጣውን “ጃሶ ኤም.ኤ.” የሚለውን ምልክት ጣሳው ላይ ፈልጉ። “ኤም.ቢ.” የሚለው ግን በዘይት ለሚሠራ ፍሪሲዮን አይሆንም።

ዘይት ስትቀይሩ የወጣውን በነጭ ጨርቅ አጣሩት። እንደ አመድ የላመ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው። የተቃጠለ የሚሸት ጥቁር ፍርፋሪ የፍሪሲዮን ሸራ ነው። የብረት ስባሪ ካገኛችሁ ግን ሞተሩን አቁሙ፤ ያን ጊዜ ይፈታ።

ፍሪሲዮንን የሚበላው ግማሽ ጨብጦ መንዳት ነው። ትራያል በሚባለው ውድድር ነጂው እግሩን መሬት ሳያስነካ ድንጋይ ለድንጋይ በእርምጃ ፍጥነት ስለሚወጣ ፍሪሲዮኑን በጣቱ ያጫውተዋል። እሱ ግን ለጥቂት ደቂቃ ነው። እኛ ሁለት ሰው ጭነን ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ይዘን ከቆምን ሸራው ይነዳል። ዳገት ላይ በፍሬን ቁሙ።

ጋራዥ ስትሄዱም “ይጮሃል” ብቻ አትበሉ። “ስጨብጠው ይጠፋል፣ በሦስተኛ ማርሽ ብቻ ይመጣል” በሉ። እንዲህ ያለ ደንበኛ መካኒኩንም ከመገመት ያድነዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ድምፁን በጊዜው እንስማው።