ለረዥሙ የተራራ ብስክሌት ውድድር ስለ መዘጋጀት

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



 የዛሬው ንግግራችን ስለ ጥበቃ መዋጮ ወይም ስለ ቦይ ጠረጋ አይደለም። ሰባት የሰፈራችን ልጆች፣ አምስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ 80 ኪሎ ሜትር በሚሆን የተራራ ፒስታ ላይ በብስክሌት ለመወዳደር ተመዝግበዋል። ውድድሩ ሊደርስ 12 ሳምንት ቀርቶታል። አንዳንድ ወላጅ «ልጄ አንገቱን ሰብሮ ይመጣል» ብሎ ፈርቷል። አንዳንዱ ደግሞ «ማኅበሩ አዲስ ብስክሌት ይግዛና ይሂዱ» ብሏል። ሁለቱንም ሰምተናል። ኮሚቴው ተወያይቶ የደረሰበትን ከነምክንያቱ እንናገራለን።

በመጀመሪያ፣ ነገሩ የልጅ ጨዋታ ነው የምትሉ ካላችሁ አይደለም። የተራራ ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ገብቷል። የረዥም ርቀቱም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የራሱ የዓለም ሻምፒዮና አለው። በአሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ካለች ሌድቪል ከምትባል ከተማ ተነሥተው 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ፤ ከ12 ሰዓት ባነሰ ጊዜ የጨረሰ ሁሉ የቀበቶ ዘለበት ይሸለማል። በደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኬፕ ኤፒክ የሚባለው ውድድር ስምንት ቀን ይፈጃል። እዚያ የሚሄዱት ሁለት ሁለት ሆነው ነው፤ አንዱ ጓደኛውን ጥሎ መሮጥ አይፈቀድለትም። ይህን ነገር ያዙልን፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ለአገራችንም ብስክሌት እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በሄደችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልበርን፣ ብስክሌተኞች አብረው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ልጆቻችን ቢመኙ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ምኞት ብቻውን ቁልቁለት ላይ ፍሬን አይሆንም።

ስለ ሰውነት

በዳገትና በኮረኮንች በሰዓት 13 ወይም 14 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ፣ 80ው ኪሎ ሜትር የ6 ሰዓት ያህል ሥራ ነው። ለ6 ሰዓት ሥራ በአንድ ሳምንት ሩጫ አይደረስም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ! ስለዚህ በሳምንት አራት ቀን ይለማመዳሉ። አንዱ ቀን የረዥም ጉዞ ነው፤ በ2 ሰዓት ተጀምሮ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ያህል እየተጨመረ 5 ሰዓት ይደርሳል። አንዱ ቀን የዳገት ነው። ሁለቱ ቀን ቀለል ያለ ነው። በየአራተኛው ሳምንት ሥራው ይቀነሳል፤ ሰውነት የሚጠነክረው ሲያርፍ ነውና። የመጨረሻዎቹ 10 ቀናትም እንዲሁ ናቸው፤ ያን ጊዜ መድከም እንጂ መጠንከር አይቻልም።

የረዥሙ ጉዞ ፍጥነት በአፍ ይለካል። እያወሩ መሄድ ከቻሉ ልክ ነው፤ ቃል ከአፋቸው ካልወጣ ፈጥነዋል። ሰፈራችን ከእንጦጦ ግርጌ ስለሆነ ዳገት ፍለጋ አንሄድም፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ የሳሳ በመሆኑ ግን መጀመሪያ ላይ አለመጣደፍ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ የእናንተ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ከረዥሙ ጉዞ በፊት በዋዜማው ጄሪካን አታሸክሟቸው፤ በጊዜ ይተኙ። የሚጾሙ ልጆችም ሳይበሉና ሳይጠጡ ረዥሙን ጉዞ እንዳይጀምሩ፣ ክርስቲያኑ ከንስሐ አባቱ፣ ሙስሊሙም ከሃይማኖት አባቶቹ ጋር ተመካክሮ ቀኑን ያስተካክል።

ስለ ምግብና ውሃ

አብዛኛው ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው እግሩ ስለ ደከመ ብቻ አይደለም፣ ሆዱ ስለ ባዶ ነው። በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም የሚሆን ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፤ ይህም ሁለት ሙዝ ማለት ነው። ከውጭ የመጣ የታሸገ ነገር መግዛት የለብንም። በሶ በማር፣ ቴምር፣ ዳቦ፣ ይኸው እቤታችን አለ። በሶ የመንገደኛ ስንቅ መሆኑን አያቶቻችን ያውቁት ነበር እኮ። ውሃ በሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ 3/4 ሊትር፣ በየ15 ደቂቃው ጎንጨት እያሉ ይጠጣሉ፤ ላብ ሲበዛ ትንሽ ጨው ይግባበት። ሳይጠማ በግድ መጋትም ጉዳት አለው። በውድድሩ ቀን አዲስ ምግብ አይሞከርም፤ የሚበላው ሁሉ አስቀድሞ በልምምድ የተለመደ ይሁን።

ስለ ብስክሌቱ

ከሰባቱ ልጆች አራቱ የራሳቸው ብስክሌት አላቸው፤ ሦስቱ በተውሶ ነው የሚነዱት። በማኅበሩ ገንዘብ አንድ አዲስ ብስክሌት ቢገዛ አንድ ልጅ ይጠቀማል፤ ስድስቱ በአሮጌ ፍሬን ይወርዳሉ። ስለሆነም ገንዘቡ ለሰባት የራስ መከላከያ ቆብ፣ ለፍሬን ጎማና ሽቦ፣ ላረጁ ጎማዎች መለወጫና ለመጠባበቂያ ካላማዳሪያ እንዲውል ወስነናል። የግንባታ ሠራተኛ ቆብ ይህን አይተካም። አንዴ የተሰነጠቀ ቆብም አገልግሎቱ አብቅቷል፤ በፕላስተር አይጠገንም።

እያንዳንዱ ልጅ ካላማዳሪያ በራሱ እጅ መለወጥ አለበት። እንጦጦ ላይ የቀጋና የአጋም እሾህ አለ፤ ተራራ ላይ ደግሞ ጎሚስታ የለም። ካላማዳሪያው ከመግባቱ በፊት የጎማው ውስጥ በጨርቅ ይዳበስ፤ እሾሁ ካልወጣ አዲሱንም ይበሳዋል። ጎማ እንደ ድንጋይ አይነፋም፤ ይነጥራል። በጣም ከላላም ካላማዳሪያው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ይቀደዳል። ሰንሰለቱ ተጠርጎ ቀጭን ዘይት ይቀባ፤ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አቧራ ስለሚሰበስብ አይሆንም። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዛቸውን ታች ባለው ፔዳል ላይ ሲያደርጉ እግራቸው ቀጥ ካለ ቁመቱ ልክ ነው፤ ካጠረ ጉልበት ያሳምማል።

ስለ ቁልቁለት

ወላጅ የፈራው ይህንን ነው፤ መፍራቱም ትክክል ነው። በቁልቁለት ከኮርቻ ብድግ ብለው፣ ሁለቱን ፔዳል እኩል አድርገው፣ ወደ ኋላ ያዘነብላሉ። ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት እንጂ መታጠፊያው ላይ አይደለም። ይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ፍሬን ነው፤ በድንገት ከተጨበጠ ግን ሰውዬውን በመሪው ላይ አሻግሮ ይጥለዋል። ሁለቱንም በልክ መያዝ ነው። የረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ሥር ያንሸራትታል፤ ዝናብ በጣለ ዕለት ቁልቁለት በእግር ይወረዳል።

ሌላም አለ። በዚያ መንገድ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። እንጨት የተሸከመች እናት ከነሸክሟ ዘወር ማለት አትችልም። የሚቆመው ባለ ብስክሌቱ ነው። ደወል እየደወለ «ዞር በይ» የሚል ልጅ ከሰማን በማኅበራችን ስም አይወዳደርም።

ስለዚህ ኮሚቴው የወሰነው ይህ ነው፦

1ኛ. ማንም ልጅ ቆብ ሳያደርግና ፍሬኑ ሳይታይ ለልምምድ አይወጣም። ዘወትር ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት በማኅበሩ ቢሮ በር ላይ ፍተሻ አለ።

2ኛ. እንደ ኬፕ ኤፒኮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ ሰባተኛው ሦስተኛ ሆኖ ይደረባል። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ትቶት አይሄድም፤ ስልክም ይይዛሉ።

3ኛ. ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በፊት ፈተና ይደረጋል። 5 ሰዓት መንዳትና ካላማዳሪያ መለወጥ ያልቻለ ዘንድሮ ይቆያል። የኮሚቴ አባል ልጅም ቢሆን ልዩነት አይደረግም።

4ኛ. የወላጅ ፈቃድ የሌለው ልጅ አይላክም። እኛም ወላጅን ደጅ እየጠናን አናስፈርምም፤ መጥታችሁ ዝግጅቱን በዓይናችሁ አይታችሁ ወስኑ።

ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንድ ኪሎ በሶ ያለው በሶ፣ ትርፍ ካላማዳሪያ ያለው ካላማዳሪያ፣ የጥገና ሙያ ያለው ሙያውን ይስጠን። ምዝገባው ከነገ ጀምሮ በቢሯችን ይካሄዳል። ልጆቻችን አንደኛ ሆነው ቢመጡ ደስታችን ነው፤ ከእነሱ የምንፈልገው ግን ሰባቱም በሄዱበት እግራቸው ተመልሰው እንዲመጡ ነው።



ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት