ስለ ኮራል ገንዳ መብራት አመራረጥና ብልሽት አፈላለግ

(በቡርቃ ጃቶ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



ነቀምቴ ላይ ቆሞ ስለ ባሕር ፍጥረት መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ከተማችንም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይሁን እንጂ ኮራል ለአገራችን ባዕድ አይደለም። በአፋር፣ በዳሎል ዝቅተኛ ምድር ዙሪያ፣ ቀይ ባሕር ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ገብቶ በነበረ ጊዜ ያደገ ኮራል ዛሬ ድንጋይ ሆኖ ይታያል። ባሕሩ ተቋርጦ በደረቀ ጊዜ ፍጥረቱ አለቀ፤ የሠራው ቤት ግን ቀረ። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ኮራል የሚያኖር ሰውም የባሕሩን ሥራ በትንሹ ሊሠራ ኃላፊነት ወስዷል። ዛሬ የምንነጋገረው ከዚህ ኃላፊነት ስለ አንዱ ክፍል፣ ይኸውም ስለ መብራት ነው።

አስቀድመን የኮራልን ጠባይ እንወቅ። ኮራል እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ ግን ያለ ማጉያ መነጽር የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። እነዚህ አልጌዎች በብርሃን ኃይል ምግብ ይሠራሉ፤ ከሠሩትም ብዙውን ለአኗሪያቸው ይሰጣሉ። ስለዚህ መብራቱ ለእኛ ገንዳውን ማሳያ ቢሆንም፣ ለኮራሉ እንጀራው ነው።

እንግዲህ መብራትን በዓይናችን ፍርድ ብቻ መምረጥ አይገባንም። የእኛ ዓይን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው አረንጓዴና ቢጫ ብርሃን ነው። በባሕር ውስጥ ግን ቀዩ ብርሃን በጥቂት ሜትር ውስጥ ተውጦ ይቀራል፤ ወደ ጥልቁ የሚወርደው ሰማያዊው ነው፤ የኮራሉ አልጌዎችም በዚሁ በሰማያዊው በሚገባ ይጠቀማሉ። በአምፑል ካርቶን ላይ የሚጻፈው ሉመን የተለካው ለሰው ዓይን ነው። አልጌውን የሚመለከተው ልክ ግን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሴኮንዱ የሚያርፈው የብርሃን ቅንጣት ብዛት ነው፤ መለኪያውም ማይክሮሞል ይባላል። የቀትር ፀሐይ ወደ 2,000 ማይክሮሞል ትሰጣለች። ለስላሶቹ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 ያህል ይበቃቸዋል፤ ቅርንጫፋማዎቹ ጠንካራ ኮራሎች ከ200 እስከ 400 ያህል ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከመብራቱ በፊት የሚመረጠው ኮራሉ ነው።

የመብራቶቹን ዓይነት ባጭሩ እንመልከት። ሜታል ሃላይድ ብርቱ ብርሃን ይሰጣል፤ ነገር ግን ውኃውን ያሞቃል፤ ብዙ ኤሌክትሪክም ይበላል። የፍሎረሰንት ቱቦ ብርሃኑን እኩል ያዳርሳል፤ ሆኖም ለዓይን ሳይታወቅ እየደከመ ስለሚሄድ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል መለወጥ አለበት። ኤል ኢ ዲ ጥቂት ኃይል ይወስዳል፤ ለብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ድምቀቱም ሊቀነስና ሊጨመር ይችላል። ለእኛ የሚስማማው ይኸው ነው። አዲስ መብራት ሲተከል በዝቅተኛ ድምቀት ጀምሮ በሦስት ወይም በአራት ሳምንት ቀስ በቀስ ማሳደግ፣ በቀንም ከ8 እስከ 10 ሰዓት በሰዓት ቆጣሪ ማብራት ይበቃል።

አሁን ወደ ራሳችን ችግር እንምጣ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ሥራ የጀመረው የፊንጫ ኃይል ማመንጫ የሚገኘው በዚሁ በወለጋ ምድር ነው። ነገር ግን ለኃይል ምንጭ ጎረቤት መሆን ከመብራት መጥፋት አያድንም! መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰው የሚጨነቀው ገንዳው ስለ ጨለመ ነው። ኮራል ግን አንድና ሁለት ቀን ጨለማን ይታገሣል፤ የማይታገሠው ውኃው መንቀሳቀሱን ሲያቆምና አየር ሲያጥረው ነው፤ ይህም በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለአንድ ባትሪ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ባትሪው ለአየር መንፊያው እንጂ ለመብራቱ አይሁን። ከሁሉም በላይ እንድትይዙልን የምንፈልገው ነገር ይህ ነው።

ብልሽት ሲደርስ ደግሞ በቅደም ተከተል መፈለግ ይገባል። መብራቱ እንቢ ካለ በመጀመሪያ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ፈትኑ፤ ቀጥሎ መሰኪያውንና ሽቦውን፣ ከዚያ ኃይል መቀየሪያውን፣ በመጨረሻ አምፑሉን መርምሩ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ጥፋቱ የትኛው እንደ ነበረ አያውቅም። መብራቱ የሚርገበገብ ከሆነ ሰዓቱን መዝግቡ። ጎረቤት ሁሉ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ 220 መሆን የሚገባው ቮልት ወርዷል ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ስታቢላይዘር ነው። በማንኛውም ሰዓት የሚርገበገብ ከሆነ ግን ጥፋቱን ከመብራቱ ፈልጉ።

ኮራሉ ቢነጣ፣ ብርሃን አንሶት ነው ብላችሁ አትጨምሩ። መንጣት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሙቀት ወይም ከብርሃን ብዛት ነው፤ አልጌዎቹም ጥለውት ይሄዳሉ። በቅድሚያ የውኃውን ሙቀት ለኩ፤ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ከሆነ ድምቀቱን ቀንሱ ወይም መብራቱን ከፍ አድርጉ። መስተዋቱ አረንጓዴ ከለበሰ ደግሞ የሚበራበትን ሰዓት አሳጥሩ፤ ምግብም አታብዙ። መብራቱ ላይ የሚጋገረውን ጨው ከሶኬት ነቅላችሁ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

የመጨረሻው ምክራችን ስለ ሕይወታችሁ ነው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ የገንዳው ዘንዶ ኤሌክትሪክ ነው። ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክን በሚገባ ያስተላልፋል። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሁሉንም ንቀሉ። ሽቦው ከሶኬቱ በታች ወርዶ ተመልሶ እንዲወጣ አድርጉ፤ ጠብታ ሲመጣ ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም። መስመሩም ከመሬት ጋር የተያያዘና ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ መሣሪያ ያለው ይሁን።

ለኮራል የሚያስፈልገው የተለየ የባሕር ጨው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ የወጥ ጨው አይተካውም። ስለዚህ አቅሙ ያልፈቀደለት ጓደኛችን በጨው አልባ ውኃ፣ በጥቂት ትናንሽ ዓሦችና በውኃ ተክሎች ይጀምር። መብራቱ ነጣ ያለ፣ ወደ 6,500 ኬልቪን የሚጠጋ ይሁን እንጂ ብልሽት የሚፈለግበትና ከአደጋ የሚጠበቅበት ሥርዓት ያው ነው። በትንሹ የታመነ በትልቁ ይሾማልና፣ በዚህ የሠለጠነ ሰው ኋላ ኮራሉን ያለ ጥፋት ያኖራል።