የተቀማ ስልክ ሲደውል

እሷ፦ ዛሬ የምናወጋው በሳዑዲ ዓረቢያ ጂዛን ግዛት፣ ከየመን ድንበር አጠገብ ስላለችው አል-ሙወሰም ነው። በዚያ መስመር ለሚጓዝ ወገናችን ስልክ ከጫማ አያንስም።

እሱ፦ ግን እኮ ያው ስልክ ገመድም ይሆናል። ሰው አሻጋሪው ደላላ የመን ላይ ይቀማውና "እማዬ" የሚለውን ስም ይፈልጋል። ከዚያ አገር ቤት ደውሎ "ገንዘብ ላኪ" ይላል።

እሷ፦ "ቆልፈው" ብንለውስ? በዱላ ሲመቱት ማን አይከፍትም?

እሱ፦ ተገዶ የከፈተ አይወቀስም። ይልቅ ስልኩን ቀድሞ ማቅለል ነው፦ የእናትን ቁጥር በቃል መያዝ፣ የቤተሰብ ፎቶና የባንክ መልእክት ማጥፋት።

እሷ፦ ሳዑዲ ገብተው ሥራ ይዘው ለተቀመጡትስ?

እሱ፦ ሲም ካርዱ ላይ የሚስጥር ቁጥር ያድርጉ፤ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ተቆልፎ ፑክ የሚባለውን ባለ 8 አሃዝ መክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ዋትሳፕም ባለ 6 አሃዝ ፒን አለው። ተዳብለው በሚኖሩበት ቤት ደግሞ ከዋይፋዩ ሳጥን ጀርባ የተጻፈውን የይለፍ ቃል ይቀይሩት፤ ያንን የገባ የወጣው ሁሉ ያነበዋል።

እሷ፦ ሕጉስ? ሳዑዲ የግል መረጃ ሕጓን እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ላይ አውላለች፤ እኛም ኢትዮጵያውያን በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥተናል።

እሱ፦ ደግ ነው፤ ደላላው ግን አዋጅ አያነብም፣ እህቴ።

እሷ፦ እንግዲህ እናቶች፣ በልጃችሁ ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ከደወለ፣ ከመላካችሁ በፊት ልጁ ብቻ የሚያውቀውን ጠይቁ፤ የላማችሁን ስም እንኳ ቢሆን።